ሰፈርን በእግር ማየት፤ ከአምስት ኪሎ ቁልቁል ወደ አራዳ

ከአምስት ኪሎ ተነስቶ አራዳ ጊዮርጊስ ለመድረስ ሦስት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በታክሲ ከሆነ ወያላው ሂሳብ ሰብስቦ ሳይጨርስ ይደረሳል። በእግር ግን፣ እንደሚገባው ከተሄደ፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ታክሲው የሚያሳየን አስፋልቱንና አስፋልቱ ዳር የተሰለፈውን ሕንፃ ነው። ሰፈሩ ያለው ከዚያ ጀርባ ነው፤ በቁልቁለቱና በደረጃው፣ በወንዙ ዳር፣ በየግቢው በር ላይ። አራዳ ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንኳ ከራሳቸው መንደር ውጭ ያለውን አራዳ በመስኮት ብቻ የሚያውቁት ለዚህ ነው። ይህ ማብራሪያ ያን ግማሽ ቀን በምን መሙላት እንደሚቻል ይናገራል። ከዚያ በፊት ግን የምናየው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት ይቀድማል።

በሌላው ዓለም የቆዩ መንደሮችን በእግር እየዞሩ ማየት ራሱን የቻለ የጉዞ ዓይነት ሆኗል። ፖርቱጋልን እንውሰድ። ከስፔን ድንበር ብዙም በማይርቀው የመሀል አገሯ ክፍል አሥራ ሁለት የቆዩ መንደሮች «ታሪካዊ መንደሮች» ተብለው በአንድ ማኅበር ታቅፈዋል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር መንገድ ሁሉንም እየዞረ ያገናኛቸዋል፤ መንገደኛው በየድንጋዩና በየግንዱ ላይ የተቀባውን ምልክት እየተከተለ ከመንደር መንደር ይሄዳል። ከእነዚህ አንዷ ሞንሳንቶ ትባላለች። ቤቶቿ ዝሆን በሚያካክሉ የግራናይት ቋጥኞች መካከል የተሸጎጡ ናቸው፤ ለአንዳንዱ ቤት ቋጥኙ ራሱ ጣራ ሆኖለታል። እ.ኤ.አ. በ1938 ከአገሪቱ መንደሮች ሁሉ «ፖርቱጋላዊቷ መንደር» ተብላ የተመረጠች ናት።

መንገደኞቹ ዳገቱ እንዴት እንደሚያደክም ያወራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፦ የፖርቱጋል ከፍተኛው ተራራ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሀል ባለ ደሴት ላይ የቆመው ፒኮ፣ 2,351 ሜትር ነው። አምስት ኪሎ አደባባይ ላይ ቆሞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ጫፍ በላይ ነው የቆመው።

«እኛ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ምን የቆየ መንደር አለን?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. እንደተቆረቆረች ይነገራል፤ በአገር ዕድሜ ሲታይ የትናንት ልጅ ናት። የድንጋይ ግንብ፣ የተጠረበ በር የሚፈልግ ሰው ጎንደር ወይም ሐረር ጀጎል ቢሄድ ይሻለዋል። ሆኖም የአዲስ አበባ ሰፈሮች የተተከሉበት ሥርዓት ከከተማዋ በብዙ መቶ ዓመት ይበልጣል። ይህን በጽሑፍ ከተዉልን የውጭ ሰዎች አንዱ ደግሞ፣ ነገሩ ሲገጣጠም፣ ፖርቱጋላዊ ነው። ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1540 ሊዝበን ላይ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሰውን የንጉሡን ከተማ አቀማመጥ ዘርዝሮ ገልጾታል። የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚቆም፣ መኳንንቱ በቀኝና በግራ እንዴት እንደሚሰፍሩ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ገበያው የት እንደሚሆኑ ሁሉ የታወቀ ነበር። ከተማው ነቅሎ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከልም ማንም ቦታውን ለማግኘት አይቸገርም ነበር።

የማዕረግ ስሞቻችንም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፣ ደጃዝማች ከደጅ። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ሲከትሙ የተከተሉት ይህንኑ የጦር ሰፈር ልማድ ነው። ግቢው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተተከለ፤ ለመኳንንቱም በየፊናቸው ሌሎቹ ኮረብታዎች ተሰጡ። ልዩነቱ ድንኳኑ ሳይነቀል መቅረቱ ነው። እንደ ድሮው ቢሆን ማገዶው ሲያልቅ ከተማው ይነሳ ነበር፤ እንዲያውም ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። በዚያው ዘመን ግን ከውጭ የመጣው ባህር ዛፍ በፍጥነት አደገና ማገዶውንም ማገሩንም ሸፈነ። ሰፈሩ በዚያው ቀረ። ጎጆው ቤት ሆነ፣ የድንኳኑ መተላለፊያ ቅያስ ሆነ።

ይህን የያዘ ሰው አራዳን ሲሄድ የሚያየው ሌላ ነው። አንድ ኮረብታ በአእምሯችሁ ሳሉ። አናቱ ላይ የመኳንንቱ ግቢ አለ፦ እልፍኝ፣ አዳራሽ፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት። ከግቢው ሥር በየደረጃው ሎሌው፣ ዘበኛው፣ ፈረስ ጠባቂው፣ እንጨት ፈላጩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ይሰፍራሉ፤ ለጌታው የቀረበ ከላይ፣ የራቀ ከታች። ከሁሉ በታች ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ ኮረብታ፣ ሌላ ጌታ፣ ሌላ ጭፍራ። በሁለቱ መሀል ያለው ሸለቆ ለረጅም ጊዜ ባዶ ነበር፤ በኋላ የመጣው ድሃ የሰፈረው እዚያ ነው። ባለ ፎቁና ባለ ጭቃ ቤቱ አጥር ለአጥር ተጎራብተው የኖሩበት ምክንያት ከዚህ አደረጃጀት የመጣ ነው። ከተማችን ሀብታምና ድሃ ያልተለያየባት ነበረች እየተባለ ብዙ ይወራል፤ ልብ ማለት የሚገባን ግን ይህ ጉርብትና በጌታና በሎሌ የተጀመረ መሆኑን ነው።

ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የቀደሙትን የአዲስ አበባ ሰፈሮች አመጣጥ አጥንተዋል። ስሞቹን ብቻ እንኳ ብናይ ሥርዓቱ ይታያል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር በጌታው ስም የተጠሩ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር የቤተ መንግሥቱ የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ነው። ጎፋ ሰፈርና ዶርዜ ሰፈር ነዋሪዎቹ ከመጡበት አገር ያገኙት ስም ነው። ከዚያ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ያወጣቸው አሉ፦ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ አፍንጮ በር። እሪ በከንቱ የሚለው ስም ድሮ በዚያ ሸለቆ በሌሊት ማለፍ ምን ይመስል እንደነበር ለመናገር ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ጉዞውን ከአምስት ኪሎ እንጀምር። አምስት ኪሎ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ መሀል ያለ፣ በሁለቱ ታላላቆቹ ጥላ ሥር የተዋጠ አደባባይ ነው። ሐውልት የለውም፤ ሰውም ሊያልፍበት እንጂ ሊያየው አይመጣም። መነሻ ለማድረግ ግን ከሁሉ ይመቻል። ብሔራዊ ሙዚየም እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ቅጂዋ የሚታየው እዚህ ነው። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ የነበረችን ፍጥረት አይቶ የእግር ጉዞ መጀመር ደስ ይላል፤ ይህን ለማለት ስል ብቻ ከሙዚየሙ ጀመርኩ ብትሉኝም አልቆጣም። ከሙዚየሙ ማዶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ግቢ አለ። የአምስት ኪሎ ነፍስ ያለው እነሱ ዘንድ ነው፦ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ የሽሮና የፍርፍር ምሳ ቤቱ ሁሉ የሚኖረው በተማሪ ኪስ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ከመውረዳችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ሰሜን ወጣ በሉና ስድስት ኪሎን እዩ። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ የተከተለውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰው ሐውልት በሩ ፊት ለፊት ቆሟል። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራም ደም ያፈሰሰው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፤ በዓመቱ ንጉሡ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ የንጉሡ መኝታ ክፍል ሳይቀር ይታያል። ከጀርባ ጃንሜዳ አለ። ስለ እሱ ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከአምስት ኪሎ ወደ ታች ሩብ ሰዓት የማይሞላ እርምጃ አራት ኪሎ ያደርሳል። አራት ኪሎ የመንግሥት ሰፈር ነው። መሀሉ ላይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ከስደት የተመለሱበትን ቀን የሚያስበው የድል ሐውልት አለ። ዙሪያውን ደግሞ ፓርላማው፣ የምኒልክ ግቢ፣ ቅድስት ሥላሴ፣ ምኒልክና ጣይቱ ዘውዲቱም ያረፉባት ባዕታ፣ በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት። እነዚህን ሁሉ የከተማ መምሪያ መጻሕፍት ይዘረዝሯቸዋልና እኔ አልደግማቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ ከፓርላማው ጀርባ ባሻ ወልዴ ችሎት የሚባል ሰፈር ነበር። ቤተ መንግሥቱ አናት ላይ፣ ሎሌው ከሥር ያልኩት ነገር በጉልህ የሚታይበት ቦታ እሱ ነበር። አሁን ፈርሷል።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ወንዙን ይሻገርና እንደገና ይወጣል። የጉዞው ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ ሂዱ። ሁለት ኮረብታ፣ መሀሉ ወንዝ፣ በወንዙ ላይ ድልድይ። ድልድዩ ባይኖር ክረምት ላይ የዚህኛው ጌታ ጭፍራ ከዚያኛው ጌታ ጭፍራ ጋር አይገናኝም ነበር። ከድልድዩ ቀና ብላችሁ ስታዩ ኮረብታው የተደረደረበት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ሰባ ደረጃ የሚባለው የድንጋይ መወጣጫም በዚሁ አካባቢ ነው። ደረጃ የሚሠራው እግረኛ በሚበዛበት፣ መኪና በማይወጣበት ቁልቁለት ላይ ነው፤ ይህ ሰፈር ለእግር እንጂ ለጎማ ያልተሠራ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምልክት የለም።

ቤቶቹን ስታዩ ከጣራው ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ክዳናቸው ሣር ነበር። ቆርቆሮ ከውጭ መግባት ሲጀምር፣ በተለይ ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ የአራዳ መልክ ተለወጠ። የሣር ክዳን ሾጣጣ ጣራ ይፈልጋል፣ የሚመቸውም ለክብ ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ግን አራት ማዕዘን ቤትን፣ ሰፊ በረንዳን፣ ፎቅን ፈቀደ። ከዚያ የአገራችን ግንበኞች ከሕንድና ከአርመን ባለሙያዎች ጋር ሆነው አንድ ልዩ የቤት ዓይነት ፈጠሩ። ከሥሩ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ላይኛው ፎቅ በእንጨት በረንዳ የተከበበ፣ የጣራው ጠርዝ ደግሞ እንደ ጥልፍ በተፈለፈለ ሳንቃ ያጌጠ ነው። በረንዳው ለውበት ብቻ የተሠራ አይምሰላችሁ፤ የጭቃውን ግድግዳ ከክረምት ዝናብ የሚጠብቀው እሱ ነው። በረንዳው የረገፈበት ቤት ግድግዳው ብዙ ክረምት አይሻገርም።

አርመኖቹን ካነሳን አይቀር፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ትምህርት ቤታቸውም በዚሁ በአራዳ አካባቢ ነው። የአርመኑ ግንበኛ ሚናስ ኸርበኪያን በዘመኑ የታወቁ ቤቶችን ሠርቷል። ሰርኪስ ተርዚያን ደግሞ የመንገድ መዳመጫ ባቡር ያስመጣ ነው፤ «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው አነጋገር ከዚያ የቀረ ነው። በኋላም በራስ ተፈሪ አማካይነት ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር፣ ለዘመናዊ ሙዚቃችን መሠረት ጥለዋል። ወደ ቤቶቹ ስንመለስ፣ እነሱን በሥዕልና በጽሑፍ ማየት የሚፈልግ ሰው አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ከዴኒ ዤራር ጋር ያዘጋጁትን፣ ከ1886 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የአዲስ አበባ ሕንፃ የሚዳስሰውን መጽሐፍ ይፈልግ።

ብዙ መንገደኛ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህን የመሰለ ቤት ለምን እንዲህ ተጎሳቆለ?» የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው አንድ ቀን ላይ ይወድቃል፦ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.። በዚያን ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። የአንድ ጌታ እልፍኝ በጣውላና በኮምፔርሳቶ እየተከፈለ ለብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሆነ። ኪራዩ ጥቂት ብር ነው፤ ጣራ አያስጠግንም። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አያድሰውም፣ ባለቤት የሆነው መንግሥት ደግሞ አላደሰውም። ይሁንና ያ ርካሽ ኪራይ ነው ድሃው ሰው መሀል ከተማ፣ ሥራው አጠገብ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይርቁ እንዲኖር ያስቻለው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ የሚነግራችሁን ሰው ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

ዳገቱን ጨርሳችሁ ስትወጡ ፒያሳ ናችሁ። ወርቅ ቤቶቹ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ እቴጌ ሆቴል ተብሎ የተጀመረው ጣይቱ ሆቴል፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና የሚቆላው ቶሞካ። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ቢያገኘውም አልሞተም። ቶሞካ ገብታችሁ ቆማችሁ አንድ ማኪያቶ ጠጡ፤ መቀመጫ ፍለጋ አትድከሙ። ከዚያ ወደ ጊዮርጊስ። የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከዓድዋ ድል በኋላ የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ንግሥት ዘውዲቱም አፄ ኃይለ ሥላሴም ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የምኒልክ ሐውልት ለጥቅምት 23 ቀን 1923ቱ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፤ ጣሊያን አወረደው፣ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ።

አደባባዩ ላይ ቆማችሁ ያለ ሐውልትና ያለ አስፋልት ለማሰብ ሞክሩ። እዚህ የነበረው ገበያ ነው። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ፣ አጋሰሱ፣ ችሎቱ፣ በትልቁ ዛፍ የሚሰቀለው ወንጀለኛ ሁሉ እዚህ ነበር። ጣሊያን ገበያውን ነቅሎ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወሰደና እዚህ የራሱን ሱቆች አቆመ፤ ፒያሳ የተባለው ያኔ ነው። የአራዳ ልጅ የሚባለው ፈጣንነት፣ ቋንቋ ቀላቃይነት፣ ዓይን ገላጭነት ከዚያ ገበያ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍቅሩ ኪዳኔ «የፒያሳ ልጅ» በሚል መጽሐፍ ያን ዘመን ተርከውታል። ከጊዮርጊስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ የደጃች ውቤ ሰፈር ነበር። ደጃች ውቤ አጥናፍ ሰገድ በአንድ ወቅት የዘውዲቱ ባል የነበሩ ናቸው። የእሳቸው ግቢ የነበረበት ሰፈር በኋላ በሌሊት ጭፈራው ውቤ በረሃ ተብሎ ታወቀ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለው አካባቢ ከመጀመሪያዎቹ ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ፒያሳ ላይ ተመረቀ፤ በተከታዮቹ ሳምንታት ዙሪያው ያሉ ሰፈሮች በሰፊው ፈረሱ። ነዋሪው በዳር ከተማ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞችና ሌሎች ቤቶች ሄደ። ዛሬ ይህን መንገድ የሚሄድ ሰው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የምሽት መብራት ያገኛል። ለእግረኛ ከበፊቱ ይመቻል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ለኑሮ የማይመቹ፣ አሥር ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ የሚጋራባቸው እንደነበሩም መካድ አይቻልም።

የጠፋው ነገር ግን ቤት ብቻ አይደለም፤ አቀማመጡም ነው። ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት ቤቶች ቢተርፉ እንኳ የቆሙት በባዶ ሜዳ ላይ ነው። አናቱ ላይ ያለውን እልፍኝ አስቀርቶ ከሥሩ የነበረውን ጎጆ ማንሳት የታሪኩን አንዱን ወገን ብቻ ማስቀረት ነው። ፖርቱጋሎቹ የገጠማቸው የዚህ ተቃራኒ ነው። እዚያ ድንጋዩ አለ፤ ወጣቱ ወደ ሊዝበንና ወደ ፈረንሳይ ስለሄደ መንደሩ ሰው አጥቷል። መንገድ ቀይሰው፣ ጣራ አድሰው ጎብኚ የሚጠሩት ጥቂት አረጋውያን የቀሩበትን መንደር በሕይወት ለማቆየት ነው። እኛ ጋ ሰው ሞልቷል፤ እድሩም፣ ማኅበሩም፣ ቡናውም አለ። ነገር ግን ሰውየው አንድ ጫፍ፣ ሰፈሩ ሌላ ጫፍ ሆነዋል። በእኔ እምነት ቅርስ ጥበቃው በቤት ቁጥር መሥራቱን ትቶ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቁልቁለት፣ ከአናቱ እስከ ወንዙ፣ ከነደረጃውና ከነነዋሪው ማቆየት ነበረበት። ገና ያልተነካ ቁልቁለት ባለበት ቦታ አሁንም ይቻላል።

ከተማ የማይጥመው ሰው በእርግጥ የገጠር መንደር ሊመርጥ ይችላል። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ፣ ላሊበላ አካባቢ፣ ገበሬዎች ራሳቸው በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ የሚያሳድሩበት የእግር ጉዞ ከተጀመረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጓዙን አህያ ይሸከማል፣ መንገዱን የመንደሩ ልጅ ይመራል፣ ገቢው ለገበሬዎቹ ማኅበር ነው። በሰላም ጊዜ ከዚህ የተሻለ የእግር ጉዞ አላውቅም። ለመሄድ ግን አስቀድሞ የአካባቢውን ሁኔታ መጠየቅ የግድ ነው።

ወደ አራዳ ልመለስና አካሄዱን ልንገራችሁ። ከሐምሌና ከነሐሴ በቀር ማንኛውም ወር ይሆናል። በክረምት ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ቦዩም ይሞላል። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ መንገዱ ጭር ስለሚል ይመረጣል። ጫማችሁ ሶሉ የሚይዝ ይሁን። ስልካችሁን እጃችሁ ላይ እያወዛወዛችሁ አትሂዱ፤ በግርግር መሀል ኪስ የሚዳብስ አይጠፋም። ቤተ መንግሥቱንና ጥበቃ ያለበትን መሥሪያ ቤት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። የሰውን ግቢ ለማንሳት ደግሞ ማስፈቀድ ነውር አይደለም፤ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ግን ነውር ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው ጠይቁ። ግን ጥያቄው ከሰላምታ በፊት አይምጣ። በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ የሚሞቁ አሮጊት ስታዩ ጠጋ ብላችሁ «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» በሉ፤ እሳቸው እናታችሁንና አባታችሁን ጠይቀው እስኪጨርሱ ታገሡ። ከዚያ «ይሄ ግቢ ድሮ የማን ነበር?» ብትሉ የሚነግሯችሁ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። «ታሪካዊ ቦታ የት አለ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን ጣታቸውን ወደ ጊዮርጊስ ይቀስሩና ይሸኟችኋል። የሚነግሯችሁ ሁሉ እውነት ላይሆን ይችላል፤ አንዱ የራስ መኮንን ነበር ያለውን ግቢ ጎረቤቱ የሌላ ጌታ ነው ይላችኋል። ሁለቱንም ስሙ። ቡና ከደረሰላችሁም ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሱ።

ለመሄድ ከሁሉ የሚመረጠው ቀን ደግሞ ጥር 10 ነው። በከተራ ከሰዓት በኋላ የአካባቢው ታቦታት ከየመንበራቸው ወጥተው፣ በየሰፈሩ እየተቀባበሉ፣ ከስድስት ኪሎ ጀርባ ወዳለው ጃንሜዳ ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ ጥር 11 ይመለሳሉ። በዚያ ቀን መንገዱ ሁሉ የእግረኛ ነው። ዩኔስኮ ጥምቀትን እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት የመዘገበው ለሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ቢሆንም፣ ለእኔ በዓሉ ከተማዋ በአንድ ጊዜ በእግሯ የምትሄድበት ብቸኛ ቀን ነው። ነጠላ ይዛችሁ አንዱን ታቦት ተከተሉ፤ የየትኛው ሰፈር ሰው የትኛውን ቅያስ እንደሚያውቅ ያን ቀን ታያላችሁ። ከሰፈሩ የተነሱ ሰዎችም ከየኮንዶሚኒየማቸው ለዚህ ቀን ይመለሳሉና ልትጠይቋቸው የምትፈልጓቸውን ሰዎች የምታገኙት ያኔ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ፣ በአልበም ውስጥም ሆነ በግድግዳ ላይ፣ በአራዳ፣ በእሪ በከንቱ፣ በዶሮ ማነቂያ፣ በሠራተኛ ሰፈር ወይም በአምስት ኪሎ ግቢ ደጃፍ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ካላችሁ፣ ከጀርባው ሰፈሩን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የቆሙትን ሰዎች ስም በእስክርቢቶ ጻፉበት። ከዚያ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ቦታው ስድስት ኪሎ ነው፤ ከአምስት ኪሎ አሥር ደቂቃ በእግር።